ቤት መምታትና ባዕድ መድረሻ
የእንግሊዝኛ ቃላትን መጨረሻ በሠንጠረዥ በማስተማር ልማድ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከሚሰጡት ነገሮች መካከል ተማሪው በደብተሩ ገልብጦ፣ በቃሉ አጥንቶ፣ እስከ ፈተናው ዕለት ተሸክሞት የሚዞር አንድ ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡ በግራ በኩል የቃላትን መጨረሻ፣ በቀኝ በኩል የመጨረሻውን ትርጉም ይይዛል። ‹ኧር› አድራጊ፤ ‹ነስ› ሁኔታ፤ ‹ለስ› የሌለው፤ ‹ፉል› የሞላበት፤ ‹ሊ› አኳኋን፤ ‹ሎጂ› ጥናት፤ ‹ኢዝም› ርእዮት እያለ ይወርዳል። መምህሩ በግማሽ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ይጨርሰዋል፤ ተማሪውም በአንድ ሌሊት ያጠናዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ሠንጠረዡን ያጠና ተማሪ የማያውቀው ቃል በመጽሐፍ ውስጥ ሲገጥመው ሠንጠረዡ ይረዳዋልን ወይስ ያሳስተዋል የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንዲሆን ደነገገ። በመሆኑም በአማርኛ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ እንግሊዝኛን የሚያገኘው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን የፊዚክሱ፣ የጂኦግራፊውና የታሪኩ መግቢያ በር ሆኖ ነው። በየገጹ የሚገጥሙትን አዳዲስ ቃላት ሁሉ በመዝገበ ቃላት ለመፈለግ ጊዜ አይበቃውም፤ መዝገበ ቃላቱም ብዙውን ጊዜ በእጁ አይገኝም። ስለዚህ የቃሉን አካል እየፈታ ትርጉሙን ለመገመት ይገደዳል። የቃላት መድረሻ ትምህርት እንግዲህ ለጌጥ የሚሰጥ አይደለም፤ ተማሪው በሌሎቹ ትምህርቶች ለመቆም ወይም ለመውደቅ ምክንያት የሚሆን መሣሪያ ነው።

ይህ ሂስ ለምሳሌ ያህል በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በብቸናና በሞጣ አካባቢ ላይ ያተኩራል። አካባቢው የተመረጠው በዚያ ያለው ጉድለት ከሌላው ስፍራ የባሰ ስለሆነ አይደለም፤ ሠንጠረዡ በመላ አገሪቱ የሚሠራበት ነውና። የተመረጠው የቃልን አካል የመፍታት ጥበብ ለብዙ ዘመናት ሲሰጥበት የኖረ ምድር በመሆኑ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ የሰዋስውና የቅኔ ጉባኤያት ተተክለው ኖረዋል። በብቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም በዚህ ረገድ ስማቸው የታወቀ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለዳቸውም ዲማን ከዋና ዋና የታሪኩ ቦታዎች አንዱ አድርጎታል። ከጉባኤ ቤቱ አጥር ውጭ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያ ጥበብ ተረስቶ በምትኩ ሠንጠረዥ ብቻ ሲሸመደድ መታየቱ ነው ለዚህ ሂስ መነሻ የሆነው።

1. ሠንጠረዡ የሚያሳስትባቸው ስፍራዎች

በሠንጠረዡ ራስ ላይ ከሚገኘው ከ‹ኧር› መጀመር ይቻላል። ‹ቲቸር› አስተማሪ፣ ‹ፋርመር› ገበሬ፣ ‹ዊቨር› ሸማኔ፣ ‹ፖተር› ሸክላ ሠሪ ነው። እስከዚህ ድረስ ሠንጠረዡ ትክክል ይመስላል። ተማሪው ግን በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ‹ሪቨር›፣ ‹ዎተር›፣ ‹ፔፐር›፣ ‹ነምበር›፣ ‹ፍላወር› የሚሉትን ቃላት ያገኛል። እነዚህ ወንዝ፣ ውሃ፣ ወረቀት፣ ቁጥርና አበባ እንጂ አንዳቸውም አድራጊ አይደሉም። ‹ኮርነር› የሚለውን ቃል በሠንጠረዡ መሠረት የሚፈታ ልጅ ‹ኮርን› በቆሎ መሆኑን ካወቀ ቃሉን «በቆሎ አምራች» ብሎ ቢተረጉመው በተማረው ደንብ መሠረት አልተሳሳተም፤ ቃሉ ግን ማዕዘን ማለት ነው። ‹ቢገር› የሚለው ደግሞ በዚያው መጨረሻ እያለቀ «የሚበልጥ፣ የሰፋ» የሚል የማወዳደሪያ ቃል ነው።

እውነተኛው የ‹ኧር› መድረሻ ባለበት ስፍራ እንኳ «አድራጊ» የሚለው ትርጉም አይበቃም። ‹ፕሪዝነር› የሚለው ከ‹ፕሪዝን›፣ ማለትም ከወህኒ ቤት የወጣ ነው፤ ይሁን እንጂ ትርጉሙ አሳሪ ሳይሆን እስረኛ ነው። ‹ኩከር› ደግሞ በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ሆኖ ይገኛል፤ በእንግሊዝኛ ወጥ ሠሪው ‹ኩክ› ሲባል ‹ኩከር› ምድጃው ነው። እንግሊዝኛ በአንድ መድረሻ ሠሪውንም መሥሪያውንም ይጠራል። ‹ኮምፒዩተር› የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የሒሳብ ስሌት የሚሠራ ሰው መጠሪያ ነበረ፤ በኋላ ወደ መሣሪያው ተላለፈ። አማርኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው፤ ጸሐፊና መጻፊያ፣ ቆራጭና መቁረጫ፣ ፈጪና መፍጫ ብሎ ሰውንና መሣሪያን ይለያል። ስለዚህ ‹ኧር› ለሰው ብቻ እንደሚሆን የተነገረው አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ መሣሪያውን ሰው አድርጎ ቢያነበው አያስደንቅም።

‹ለስ› የሚለው መድረሻ ከዚህ የከፋ ስሕተት ያስከትላል። ‹ዎርዝለስ› ዋጋ ቢስ ማለት ነው። ‹ፕራይስለስ› የሚለውን ቃል በዚያው ደንብ የሚፈታ ተማሪ «ዋጋ የሌለው» ብሎ ያልፈዋል፤ የቃሉ ትርጉም ግን ተቃራኒው ነው፤ ዋጋ የማይተመንለት፣ እጅግ የከበረ ማለት ነው። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ የተጻፈውን ይህን ቃል ተማሪው በሠንጠረዡ ቢተረጉመው ቅርሱን ከቆሻሻ ይቆጥረዋል ማለት ነው።

‹ኢዝም› ሌላው ምሳሌ ነው። ከ1966 ዓ.ም. የለውጥ ጊዜ ጀምሮ በዚህ መጨረሻ የሚያልቁ የፖለቲካ ቃላት የጋዜጣውንና የሬዲዮውን አማርኛ አጥለቅልቀውት ስለነበር መድረሻው ከ«ርእዮት» ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሶሻሊዝም ሲታወጅ ‹ሶሻሊዝም› የሚለው ቃል «ኅብረተሰብአዊነት» ተብሎ ነበር በአማርኛ የቀረበው። ነገር ግን በፊዚክስ መጽሐፍ ‹ማግኔቲዝም›፣ በሕክምና ‹ሩማቲዝም›፣ በቤተ ክርስቲያን ‹ባፕቲዝም› አሉ፤ መግነጢሳዊነት፣ ቁርጥማትና ጥምቀት ርእዮት አይደሉም። የ1967ቱ ተርጓሚ «አዊነት» የሚለውን መምረጡ ከሠንጠረዡ የበለጠ ያስተምራል፤ «አዊነት» ለኅብረተሰብም ለመግነጢስም ይሆናልና።

2. ቤት መምታትና ባዕድ መድረሻ

የስሕተቱ ሥር አንድ ነው። ሠንጠረዡ በድምፅ ብቻ የሚመሳሰሉትን ቃላትና በእውነት አንድ መድረሻ የተቀጠለባቸውን ቃላት ሳይለይ በአንድ አጎበር ሥር ያስቀምጣል። ይህን ልዩነት ለመሰየም ከውጭ ቃል መዋስ አያስፈልግም፤ በአገራችን ትምህርት ውስጥ ሁለቱም ስያሜዎች አሉ።

የግጥም ስንኞች በአንድ ዓይነት ፊደል ሲያልቁ «ቤት መቱ» ይባላል። ቤት የሚመቱ ቃላት የሚጋሩት ድምፅን እንጂ ትርጉምን አይደለም፤ «ተራራ» እና «አዝመራ» ቤት ስለመቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው የሚል ሰው የለም። በሌላ በኩል የሰዋስው መምህራን ከቃሉ ግንድ ውጭ በፊት የሚጨመረውን ባዕድ መነሻ፣ በኋላ የሚጨመረውን ባዕድ መድረሻ ይሉታል። «ባዕድ» መባሉ የግንዱ ተወላጅ ሳይሆን መጥቶ የተጠጋ መሆኑን ያመለክታል። ተጠግቶ የመጣ ነገር ደግሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሲነሣም ባለቤቱ በቦታው ይገኛል። ‹ፋርመር› ከሚለው ‹ኧር› ሲነሣ ‹ፋርም›፣ ማለትም እርሻው ይቀራል። ‹ሪቨር› ከሚለው ሲነሣ ግን የሚቀረው ቁራጭ ከወንዝ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የመጀመሪያው ባዕድ መድረሻ አለው፤ ሁለተኛው ቤት መታ እንጂ ሌላ አላደረገም።

በሰዋስው ጉባኤ ያደገ ደቀ መዝሙር ይህን ማስተዋል ገና በግሥ ትምህርቱ ያገኘዋል። ቀተለ፣ ቀደሰ በመሳሰሉት አርእስተ ግሥ እየተመራ ግሡን ሲያረባ የትኛው ፊደል የግንዱ፣ የትኛው የባዕድ እንደሆነ ይለያል። ወደ ቅኔው ሲሻገርም አንድን ኅብር ቃል በመነጠልና በማጣመር ሁለት ትርጉም እንዲሰጥ ያደርጋል። ቃልን የት ላይ መክፈል እንደሚገባ መጠየቅ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ትምህርት አይደለም። እንግዳ የሆነው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ መልሱን በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው።

3. ጆሮ የሚሰማውና ዓይን የሚያየው

ሠንጠረዡ የሚዘለው ሌላ ችግር አለ። የአማርኛ ፊደል ተማሪውን ያስለመደው የሚሰማውንና የሚጻፈውን አቀራርቦ ማየትን ነው። እንግሊዝኛ ግን በዚህ አይታመንም። ‹ቲቸር› አስተማሪ፣ ‹አክተር› ተዋናይ፣ ‹ቤገር› ለማኝ፤ ሦስቱም በጆሮ ሲሰሙ በአንድ ድምፅ ያልቃሉ፤ በጽሑፍ ግን ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ያለው አናባቢ በሦስቱም የተለያየ ነው። በአንጻሩ ‹ኩዊክሊ› የሚለው ተውሳከ ግሥና ‹ጁላይ› የሚለው የወር ስም በዓይን ሲታዩ በሁለት ተመሳሳይ ፊደላት ያልቃሉ፤ በጆሮ ግን አይገናኙም። ‹ፍሬንድሊ› የሚለው ደግሞ በዓይንም በጆሮም ከ‹ኩዊክሊ› ጋር አንድ ሆኖ ሳለ «እንደ ወዳጅ የሚቀርብ» የሚል ቅጽል እንጂ ተውሳከ ግሥ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ‹ሽን› የሚለው ድምፅ ነው። ‹ኤዱኬሽን› ትምህርት፣ ‹ኢሪጌሽን› መስኖ፣ ‹ቴንሽን› ውጥረት ናቸው። በእንግሊዞች አነጋገር ‹ሙዚሽያን› የሚለውም በዚሁ ድምፅ ያልቃል፤ ይሁን እንጂ ድርጊት ሳይሆን ባለሙያ ሰው ነው። ከዚህ የሚከተለው ወጥመድ በየክፍሉ የታወቀ ነው። ‹ሙዚሽያን› የሙዚቃ ባለሙያ ከሆነ ‹ፊዚሽያን› የፊዚክስ ባለሙያ መሆን አለበት ብሎ ተማሪው ይደመድማል። ‹ፊዚሽያን› ግን ሐኪም ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ‹ፊዚሲስት› ይባላል። ሁለቱም «ተፈጥሮ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወረዱ ናቸው፤ በመካከለኛው ዘመን የሕክምና ጥበብ በዚያ ስም ይጠራ ስለነበር ሐኪሙ የቀድሞውን ስም ይዞ ቀረ። ተማሪው ይህን አጭር ታሪክ ቢሰማ አይረሳውም፤ ሠንጠረዡ ግን ታሪክ የለውም።

4. አማርኛው የሚያስተምረው

የእንግሊዝኛ መምህር በክፍሉ ውስጥ አማርኛን መጠቀም እንደ ነውር የሚቆጠርበት ልማድ አለ። በቃላት መድረሻ ትምህርት ግን ከአማርኛ የተሻለ ረዳት የለም።

«ነት» የሚለውን መድረሻ መመልከት ይበቃል። አማርኛ ደግነት፣ እኩልነት፣ ጓደኝነት፣ ልጅነት፣ ነፃነት ብሎ አምስቱን በአንድ መድረሻ ይጠራል። እንግሊዝኛ ለአምስቱ አምስት መድረሻ ይጠቀማል፤ ‹ካይንድነስ›፣ ‹ኢኳሊቲ›፣ ‹ፍሬንድሺፕ›፣ ‹ቻይልድሁድ›፣ ‹ፍሪደም› ይላል። ተማሪው ለምን እንዲህ እንደሆነ ካልተነገረው ሁሉንም በ‹ነስ› ይጨርሳቸዋል፤ ‹ፍሪነስ› እና ‹ኢኳልነስ› እያለ ይጽፋል። ምክንያቱ የቋንቋው ታሪክ ነው። ‹ነስ›፣ ‹ሺፕ›፣ ‹ሁድ› እና ‹ደም› የጥንቱ እንግሊዝኛ ተወላጆች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል የገቡት የላቲን ቃላት እንደ ‹ኢቲ›፣ ‹ሜንት› እና ‹ሽን› ያሉትን መድረሻዎች ይዘው መጡ። ‹ሎጂ›፣ ‹ግራፊ› እና ‹ኢዝም› ደግሞ መነሻቸው ግሪክኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአገሬው ግንድ የአገሬውን መድረሻ፣ የእንግዳው ግንድ የእንግዳውን መድረሻ ይመርጣል። አማርኛም ከግዕዝ የወረሳቸውን እንደ ቅድስናና ንጽሕና ያሉትን ቃላት በ«ና» መጨረሱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ግንዱ መድረሻውን ሲቀበል መልኩን መለወጡም በአማርኛ የታወቀ ነው። «ጓደኛ» ወደ «ጓደኝነት» ሲሻገር «ኛ» «ኝ» ይሆናል። ስለዚህ ‹ሃፒ› ወደ ‹ሃፒነስ› ሲሻገር የግንዱ የመጨረሻ ፊደል በጽሑፍ መለወጡ፣ ‹ዲስክራይብ› ወደ ‹ዲስክሪፕሽን› ሲሻገርም ግንዱ መታጠፉ ተማሪውን ሊያስደነግጠው አይገባም።

አንድ መድረሻ ብዙ ትርጉም እንደሚይዝም አማርኛው ያስረዳል። «ኛ» በሁለተኛ ተራ ቁጥርን፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋን፣ በፈረሰኛ ባለቤትነትን፣ በእስረኛ ደግሞ ድርጊት የደረሰበትን ሰው ያመለክታል። ‹ፕሪዝነር› አሳሪ ሳይሆን እስረኛ መሆኑ የከበደው ተማሪ «እስረኛ» የሚለውን የራሱን ቃል ቢመረምር ነገሩ ይቀልለታል። መድረሻ የሚመስል ሁሉ መድረሻ እንዳልሆነም ምሳሌው ቅርብ ነው። «እኛ» የሚለው በ«ኛ» ያልቃል፤ «ኛ» ቢነሣ ግን የሚተርፍ ግንድ የለም። «እምነት» የሚለውን ቃል በሠንጠረዥ ደንብ የሚፈታ ሰው «ነት»ን ቆርጦ «እም» ያገኛል፤ «እም» በግዕዝ እናት ስለሆነ «እምነት» እናትነት ነው ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። የግሥ ትምህርት የነካካው ልጅ ግን ይስቃል፤ «ነ» የ«አመነ» ገንዘብ መሆኗን ያውቃልና። በ‹ኮርነር› ላይ የሚደርሰው ስሕተት ይኸው ነው።

5. «ነገረ» እና ‹ሎጂ›

ሠንጠረዡ ‹ሎጂ› ማለት «ጥናት» ነው ይላል። ‹ባዮሎጂ›፣ ‹ጂኦሎጂ›፣ ‹ሳይኮሎጂ› ይህን ያጸኑለታል። አማርኛው በዘመናዊ ስያሜ እነዚህን ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ምድር፣ ሥነ ልቡና ብሎ ስለሚጠራ «‹ሎጂ› ያለበት ሁሉ ሥነ ነው» የሚል አጭር ደንብ በተማሪው አእምሮ ይተከላል። ደንቡ በሁለቱም በኩል ይፈርሳል። «ሥነ ሥርዓት»፣ «ሥነ ምግባር» እና «ሥነ ጽሑፍ» በእንግሊዝኛ ‹ሎጂ› የላቸውም። በሌላ በኩል ‹አፖሎጂ› ይቅርታ፣ ‹አናሎጂ› ማመሳሰል፣ ‹ትሪሎጂ› በሦስት ክፍል የተጻፈ ድርሰት ነው፤ አንዳቸውም የጥናት መስክ አይደሉም።

ተማሪው እነዚህን ቃላት እንደ ‹ሪቨር› ቤት የመቱ ብቻ ናቸው ብሎ ቢያልፋቸውም ይሳሳታል፤ ዝምድናው እውነተኛ ነውና። ሥሩ ‹ሎጎስ› የሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ቃል፣ ንግግር፣ ነገር ማለት ነው። ለዚህ ሥር ትክክለኛው የአገራችን አቻ ከ«ሥነ» በፊት በሊቃውንቱ ዘንድ የኖረው «ነገረ» ነው። ‹ቲኦሎጂ› ነገረ መለኮት ይባላል፤ ስለ ድንግል ማርያም የሚነገረው ነገረ ማርያም ነው። «ነገረ» ስለ አንድ ጉዳይ በሥርዓት የሚነገር ነገር ማለት ስለሆነ ‹ባዮሎጂ› ነገረ ሕይወት፣ ‹ጂኦሎጂ› ነገረ ምድር ነው ቢባል ተማሪው ወዲያው ይገባዋል። ‹አፖሎጂ› መጀመሪያ ተከሳሽ ራሱን ለመከላከል የሚናገረው ነገር ስለነበረ፣ ‹ትሪሎጂም› ሦስት ነገር ስለሆነ ከቤተሰቡ አይወጡም። አማርኛ ተናጋሪ «ነገር» የሚለው ቃል ንግግርንም፣ ጉዳይንም፣ ሙግትንም እንደሚይዝ ያውቃል፤ «ነገረኛ» የሚባለው ማን እንደሆነም አይጠፋውም። «ጥናት» የሚለው ትርጉም ግማሹን ቃላት ብቻ ሲያስረዳ «ነገር» የሚለው ሁሉንም አቀፈ። በሞጣ ወይም በብቸና ክፍል ውስጥ ይህን ማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

6. ለሠንጠረዡ የሚቀርብ መከራከሪያ

ሂሱ ሚዛናዊ እንዲሆን ለሠንጠረዡ የሚነገረውም መመዘን አለበት። በመጀመሪያ፣ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ለሚያስተምር መምህር ሠንጠረዥ ከማንኛውም ዘዴ ይልቅ ይቀልለዋል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ መድረሻዎች በእርግጥ ታማኞች ናቸው፤ ‹ነስ› በቅጽል ላይ ሲቀጠል ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የነገርን ጠባይ ወይም ሁኔታ ይሰይማል። ሦስተኛ፣ የፈተና ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን በምርጫ ስለሚጠይቁ ሠንጠረዡን ያጠና ተማሪ ነጥብ ያገኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች ተገቢ ናቸው፤ ሠንጠረዡም ከነጭራሹ ይጥፋ የሚል ሐሳብ እዚህ አልቀረበም። ሦስተኛው ግን መከራከሪያ ሳይሆን ክስ ነው። ፈተናው መድረሻውን ብቻ ነጥሎ የሚጠይቅ ከሆነ የሚለካው የሠንጠረዡን ጥናት እንጂ የንባብን ችሎታ አይደለም። ተማሪው በእንግሊዝኛው ፈተና ነጥብ አግኝቶ በባዮሎጂው ገጽ ላይ ሲደናቀፍ ጉድለቱ የባዮሎጂው መምህር ተደርጎ ይታያል።

ከዚህ ጋር የሚታሰብ የጊዜው ሁኔታ አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የብዙ ተማሪዎች ትምህርት ተቋርጧል። መምህር በማያገኝበት ወራት በቤቱ ደብተሩን ብቻ ይዞ ለሚያነብ ልጅ የተሳሳተን ግምት የሚያርምለት የለም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ዝርዝር ከመስጠት ይልቅ ራሱን በራሱ የሚፈትንበት ዘዴ መስጠት ይበልጥ ያስፈልጋል።

7. አስተያየት

ሀ. ለመምህራን። ሠንጠረዡ ከመሰጠቱ በፊት ተማሪው ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይልመድ። አንደኛ፣ መድረሻው ሲነሣ የሚቀረው ቃል ነውን? ሁለተኛ፣ የቀረው ቃል በትርጉም ከሙሉው ቃል ጋር ይዛመዳልን? ሦስተኛ፣ ሙሉው ቃል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል? ‹ሪቨር› በመጀመሪያው ይወድቃል፤ ‹ኮርነር› የመጀመሪያውን አልፎ በሁለተኛው ይወድቃል፤ ‹ፍሬንድሊ› ሁለቱን አልፎ ቅጽል መሆኑ በሦስተኛው ይታወቃል። የ‹ፕራይስለስ›ም እውነተኛ ትርጉም የሚገለጠው በዚሁ በሦስተኛው፣ በዙሪያው ያለው ዐረፍተ ነገር ሲታይ ነው። ከግሪክኛና ከላቲን የመጡት ቃላት በመጀመሪያው ጥያቄ ስለማይያዙ ለእነርሱ ዘመዶቻቸውን ማሰባሰብ ይገባል፤ ‹ባዮሎጂ› ከ‹ባዮግራፊ›፣ ‹ጂኦሎጂ› ከ‹ጂኦግራፊ› ጎን ሲጻፉ ግንዱም መድረሻውም ራሳቸውን ይገልጣሉ።

ለአንድ ክፍለ ጊዜ በአንድ ድምፅ የሚያልቁ ዐሥራ ሁለት ያህል ቃላት ይበቃሉ። ግማሾቹ እውነተኛ መድረሻ ያላቸው፣ ግማሾቹ ቤት የሚመቱ ብቻ ይሁኑ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ይለዩአቸው፤ የለዩበትንም ምክንያት በአማርኛም ቢሆን ይናገሩ። ሠንጠረዡ በመጨረሻ፣ በተማሪዎቹ እጅ ይዘጋጅ፤ በቀኙ በኩልም የትርጉሙ ብቻ ሳይሆን የማይሠራባቸው ቃላት ዝርዝር ይጨመርበት።

ለ. ለመምህራን ትምህርት ኮሌጆች። የእንግሊዝኛና የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች የቃል ምሥረታን በየፊናቸው ከማስተማር ይልቅ ቢያንስ ይህን ርእስ በጋራ ቢሰጡ እጩ መምህራን ሁለቱን ቋንቋዎች እያነጻጸሩ ማስረዳትን ይማራሉ። በአካባቢው የሚገኙ የሰዋስው ሊቃውንት ግሥ እንዴት እንደሚረባ ለእጩዎቹ እንዲያሳዩ ቢጋበዙ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።

ሐ. ለዕቅድ አውጪዎችና ለመጽሐፍ አዘጋጆች። በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ የሚቀርቡ የመድረሻ ምሳሌዎች በዚያው ክፍል ከሚሰጡት የሳይንስና የኅብረተሰብ ሳይንስ መጻሕፍት የተለቀሙ ይሁኑ። የፈተና ጥያቄዎችም ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጠው ይጠይቁ፤ ‹ኩከር› ሰው ነው ወይስ ዕቃ የሚለውን ከዐረፍተ ነገሩ መለየት የቻለ ተማሪ ‹ኧር› ምን ማለት ነው ተብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ተማሪዎች በሚዘጋጁ የራስ ማስተማሪያ ወረቀቶችም ሦስቱ ጥያቄዎች ከዝርዝሩ በፊት ይስፈሩ።

መደምደሚያ

በአንድ ዓይነት መጨረሻ የሚያልቁ የእንግሊዝኛ ቃላት አንዳንዶቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ የተገናኙ መንገደኞች ናቸው። ሠንጠረዥ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ መለየት የሚችለው ቃሉን ከፍቶ የሚያይ ተማሪ ነው። ቃልን ከፍቶ ማየት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዘዴ አይደለም። በዲማና በደብረ ወርቅ ጉባኤያት ደቀ መዝሙሩ የ«እምነት»ን «ነ» ለ«አመነ» የሚመልሰው በዚህ ጥበብ ነው። የዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪም ‹ኮርነር› የሚለው ቃል ሲገጥመው በቆሎውን ከማዕዘኑ እንዲለይ ይኸው ጥበብ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ሊገባ ይገባል።